ውቅያኖስ የሚያቋርጡ የጦር አውሮፕላኖችን የነዳጅ ቅብብል በሬዲዮ መከታተል፦ ምን ይሰማል፣ ምን አይሰማም

ይህን ማዳመጥ የሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ ውቅያኖስ መሃል ላይ ተዋጊ ጄቱ ከታንከሩ (በአየር ላይ ነዳጅ ከሚያድለው አውሮፕላን) ሥር ገብቶ ነዳጅ ሲቀበል የሚባባሉትን መስማት። ከየብስ ሆኖ ይህን መጠበቅ ውሃ መውቀጥ ነው። ንግግሩ የሚካሄደው ከ225 እስከ 400 ሜጋኸርዝ ባለው ወታደራዊ ዩኤችኤፍ ላይ ነው፤ ይህ ሞገድ ደግሞ አድማስን ተሻግሮ አይመጣም። ርቀቱን ለማወቅ የአውሮፕላኑን ከፍታ በሜትር ውሰዱና ካሬ ሥሩን በ4.12 አባዙት፤ የሚወጣው በኪሎሜትር ነው። በ7,600 ሜትር ለሚበር ታንከር 360 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል። አንቴናችሁ ከባሕሩ 100 ሜትር ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ ከሆነ ሌላ 41 ኪሎሜትር ታገኛላችሁ። ከኒውፋውንድላንድ ጫፍ እስከ አየርላንድ ያለው ባሕር ግን ወደ 3,000 ኪሎሜትር ይጠጋል።

ስለዚህ በጆሮ የሚገኘው ዳርና ዳሩ ብቻ ነው። መሃሉ የሚታወቀው በአጭር ሞገድ ከሚሰጥ የቦታ ሪፖርት፣ አስቀድሞ ከሚወጡ የበረራ ማስታወቂያዎችና ከስሌት ነው። ይህን ከልቡ ያልተቀበለ ሰው ለሳምንታት ባዶ ሹክሹክታ ሲያዳምጥ ይከርምና ሬዲዮውን ይሸጣል።

ጉዞው እንዴት እንደሚደራጅ ካልታወቀ የሚሰማው ቁርጥራጭ ትርጉም አይሰጥም። ተዋጊዎቹ ለብቻቸው ባሕሩን አያቋርጡም፤ ጫጩቶቿን እንደምታስከትል ዶሮ ታንከሩ እየመራ ይወስዳቸዋል። ከበረራ ተቆጣጣሪ ጋር የሚነጋገረው፣ የአየር ጠባይ የሚጠይቀው፣ ለቡድኑ ሁሉ የቦታ ሪፖርት የሚሰጠው እሱ ነው። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ጉዞ ኮሮኔት፣ እንግሊዞች ትሬይል ይሉታል። ሥራውን የሚሠሩት ኬሲ-135 እና ኬሲ-46፣ በእንግሊዝ በኩል ደግሞ ቮዬጀር ናቸው፤ ኬሲ-10 በ2024 ከአገልግሎት ወጥቷል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በሐምሌ 1952 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤፍ-84ጂ ተዋጊዎች ከአሜሪካ ወደ ጃፓን ሲዛወሩ ከካሊፎርኒያ እስከ ሃዋይ ያለውን ረጅም ክፍል የተሻገሩት ከኬቢ-29 ታንከሮች ነዳጅ እየተቀበሉ ነው።

ብዙ ሰው ተዋጊው የሚሞላው ታንኩ ሲጎድል ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ቅብብሉ የሚታቀደው በሚቀጥለው ሙከራ ነዳጅ መቀበል ያቃተው አውሮፕላን ካለበት ቦታ ተነሥቶ አንድ የታወቀ ማረፊያ መድረስ እንዲችል ሆኖ ነው። የመቀበያው ክዳን አልከፈት ቢል ወይም ቡሙ (ከታንከሩ ጅራት የሚወርደው የነዳጅ ቧንቧ) አልይዝ ቢል ያ አውሮፕላን ባሕር ላይ መቅረት የለበትም። ስለዚህ ደጋግመው ትንሽ ትንሽ ይሞላሉ። የአዞረሶቹ ላጄስ በአትላንቲክ፣ ሂካም፣ ዌክ ደሴትና ጓም በፓሲፊክ ይህን ያህል የሚጠሩትም ለዚህ ነው። «እገሌ ወደ ላጄስ እየዞረ ነው» የሚል ነገር ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ የምታዳምጡት የቅብብል ችግር ነው። ችግር የገጠመው አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይሄድም፤ አጃቢ ይታከልለታል።

ለቡድኑ የተወሰነ መስመርና የከፍታ ክልል በሰዓት ተወስኖ ይያዝለታል፤ ይህ አልትራቭ ይባላል። በአሜሪካ በኩል የሚያስተባብረው ክፍል ካርፍ ሲሆን የሚያወጣቸው ኖታሞች (ለአብራሪዎች የሚወጡ የበረራ ማስታወቂያዎች) ለማንም ክፍት ናቸው። እኔ ከሬዲዮው በፊት የማየው እነዚህን ነው። መስመሩ በኬንትሮስና ኬክሮስ ነጥቦች ይጻፋል፣ በሁለት የከፍታ ቁጥሮች መካከል የገባችው የቢ ፊደል «በእነዚህ መካከል ያለውን ሁሉ» ማለት ናት፣ አቫና የሚለው ሰዓት ደግሞ እስከዚያ ያልተነሣ አውሮፕላን የተያዘለትን ክልል የሚያጣበት ነው። ሰዓቱ ሁሉ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ስለሆነ ግድግዳ ላይ በዩቲሲ የሚሄድ ሁለተኛ ሰዓት ስቀሉ። ኖታም ወጣ ማለት ግን በረራው ይነሣል ማለት አይደለም። አንድ ታንከር ሲበላሽ ሁሉም ቆመው ይጠብቃሉ፤ 24 ሰዓት ማዘግየት እንደ ደንብ የሚታይ ነው።

አሁን ወደ አጭር ሞገዱ። ሁሉም በዩኤስቢ ሞድ ነው፤ የኮምፒውተሩን ገመድ ሳይሆን የላይኛውን የጎን ሞገድ ማለቴ ነው። ሰሜን አትላንቲክ ላይ ድግግሞሾቹ በቤተሰብ ተከፍለዋል። ወደ አዞረስ ለሚሄዱ የጦር ቡድኖች ቀዳሚው ኤ ቤተሰብ ነው፦ 3016፣ 5598፣ 8906 እና 13306 ኪሎኸርዝ፤ ኒውዮርክ፣ ሳንታ ማሪያ፣ ጋንደርና ሻንዊክ የተባሉት የመሬት ጣቢያዎች እዚያ ይገኛሉ። ወደ ሰሜን ጠጋ ላሉ መስመሮች 5616፣ 8864፣ 5649 እና 8879ን ያዙ። ፓሲፊክ ላይ ለሳን ፍራንሲስኮ 5574 እና 8843 ጥሩ መነሻ ናቸው። ቀን ከ8 እስከ 13 ሜጋኸርዝ፣ ሌሊት 5 እና 3 ሜጋኸርዝ ይሻላል፤ መሸጋገሪያው ላይ፣ ማለትም ጀምበር ስትጠልቅና ስትወጣ፣ ሁለቱንም በየተራ ፈትሹ። መሬት ያለው ጣቢያ ብቻ ወይም አውሮፕላኑ ብቻ ቢሰማችሁ ሬዲዮው አልተበላሸም። ከአንዱ ጋር ያላችሁ ርቀት ሞገዱ ተዘልሎ የሚያልፍበት ክልል ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ዝቅ ያለ ድግግሞሽ ላይ ሲዛወሩ ሊመለስ ይችላል።

የንግድ አውሮፕላኖች አብዛኛውን ሪፖርታቸውን በጽሑፍ ዳታ ሊንክ ስለሚልኩ ድምፁ ሳስቷል። ተዋጊ የሚያስከትል ታንከር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዳታ ሊንክ ግዴታ ከሆነበት ከፍላይት ሌቭል 290 እስከ 410 (ከ29,000 እስከ 41,000 ጫማ ገደማ) ካለው ክልል በታች ስለሚበር እስካሁን በድምፅ ይያዛል። ሪፖርቱ ቅደም ተከተሉን አይስትም፦ ያለበት ነጥብ፣ ሰዓት፣ ከፍታ፣ ቀጣዩ ነጥብና የሚደርስበት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነጥብ። ስሌቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። 45 ሰሜን 40 ምዕራብን በ1412 አልፎ 45 ሰሜን 30 ምዕራብን በ1505 እደርሳለሁ ቢል፣ በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ 10 ዲግሪ ኬንትሮስ 424 የባሕር ማይል ነው፤ በ53 ደቂቃ ሲካፈል 480 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 480 የባሕር ማይል ይወጣል። የዩኤችኤፍ አድማሳችሁ 195 የባሕር ማይል (ከላይ ያሰላነው 360 ኪሎሜትር) ከሆነ ቡድኑ ከእናንተ በላይ ከመድረሱ 24 ደቂቃ በፊት መሰማት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሬዲዮው ዩኤችኤፍ ላይ፣ ቅጂው ደግሞ በርቶ መገኘት አለበት። እንደ ኤ-10 ያሉ ዘገምተኞች ሲሆኑ ሁለቱንም ቁጥሮች ቀይሩ፤ ዝግ ይላሉ፣ ዝቅም ይላሉ። 6,000 ሜትር ላይ አድማሱ ወደ 320 ኪሎሜትር ይወርዳል።

አንድ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። አውሮፕላኖቹ በነዳጅ ማስተላለፊያው ተያይዘው ሳለ በኤችኤፍ፣ ማለትም በአጭር ሞገድ፣ ማሰራጨት ክልክል ነው፤ ኃይለኛው ሞገድ በመካከላቸው ብልጭታ ሊፈጥር ይችላልና። ስለዚህ የተጠበቀው ሪፖርት ሲዘገይ፣ ወይም እስካሁን ሲናገር የነበረው ታንከር ዝም ብሎ ሌላው ስለ እሱ ሲናገር፣ ቅብብል እየተካሄደ መሆኑን መጠርጠር ይቻላል። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከኖታሙ ነጥቦች ጋር ሲገጥም ግን ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ቦታ ይገባዋል።

በመካከሉ የምትሰሙት እንደ ሁለት የተጣመረ ፉጨት ሴልኮል ነው። ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ማዕበል የሚመስለውን ጫጫታ እንዳያዳምጡ መሬት ያለው ጣቢያ በአራት ድምፅ ይጠራቸዋል። ድምፆቹን በኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ አራት ፊደል መቀየር ይቻላል፤ ፊደሎቹ የጥሪ ስሙ ቢለወጥም የአውሮፕላኑን ማንነት ሊጠቁሙ ይችላሉ። ሬዲዮው ከትክክለኛው ድግግሞሽ በጥቂት አሥር ኸርዝ እንኳ ቢዛነፍ ፕሮግራሙ የተሳሳተ ፊደል ያወጣል። ደብልዩ ደብልዩ ቪ በ5፣ 10 እና 15 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጨውን የጊዜ ምልክት ይዛችሁ መጀመሪያ አስተካክሉ።

የአሜሪካ አየር ኃይል የራሱ መረብ በ4724፣ 8992፣ 11175 እና 15016 ኪሎኸርዝ ነው። ማንኛውንም ጣቢያ የሚፈልግ አውሮፕላን «ሜይንሴይል» እያለ ይጠራል። ፍሬ ያለው ነገር የስልክ ማገናኘቱ ነው፤ ታንከሩ በጣቢያው በኩል ወደ ማዘዣው ይደውልና ቡሙ እንዳስቸገረ፣ ስንት ነዳጅ እንደቀረው፣ የት እንደሚያርፍ በግልጽ ይናገራል። በዚያው ላይ ረጅም የፊደልና ቁጥር መልእክት የሚነበብ ከሆነ ከቅብብሉ ጋር የሚያገናኘው የለምና ጊዜያችሁን አታባክኑበት።

ከድምፁ ጎን ኤኤልኢ የሚባለው አውቶማቲክ ጥሪ አለ፤ በ4721፣ 6721፣ 9025፣ 11226፣ 13215 እና 15043 ኪሎኸርዝ እንደ ወፍ ጫጫታ ይሰማል። ከ750 እስከ 2500 ኸርዝ፣ በ250 ኸርዝ ልዩነት የተደረደሩ ስምንት ድምፆች ናቸው። የሬዲዮውን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ እንደ መልቲፒኤስኬ ባለ ፕሮግራም ማንበብ ይቻላል። ጣቢያዎቹ በሦስት ፊደል ይጠራሉ፤ ፒኤልኤ ብሎ ሲጽፍ ላጄስ፣ ኤዲደብልዩ ሲል አንድሪውስ፣ ሲአርኦ ሲል ክሮውተን ነው። ይህን ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ትቶ መተኛት ይቻላል፤ ጠዋት የተጠራሩት ሁሉ በሰዓታቸው ተደርድረው ይጠብቃሉ።

ለኤችኤፍ አንቴናው ከሬዲዮው ይበልጣል። ለ8.9 ሜጋኸርዝ የሚሆን ዳይፖል (ሁለት ክንፍ ያለው የሽቦ አንቴና) በጠቅላላው 16 ሜትር፣ በየክንፉ 8 ሜትር ነው። ቦታ ከሌለ ከ10 እስከ 20 ሜትር ሽቦ በዘጠኝ ለአንድ ትራንስፎርመር በኩል ይሠራል፤ ለትራንስፎርመሩ የመሬት ሽቦ ካልሰጣችሁት ግን የገመዱ ሽፋን ራሱ አንቴና ይሆንና የቤቱን ጫጫታ ሁሉ ይሰበስባል። ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሬዲዮውን በባትሪ አስነሡና የቤቱን ቆጣሪ አጥፉ። ጸጥ ካለ አንድ በአንድ እየመለሱ ጥፋተኛውን መያዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል ወይም የሶላር ኢንቨርተር ይሆናል። ጫጫታው ከጎረቤት ከሆነ ትንሽ የቀለበት አንቴና እያዞሩ ጫጫታው የሚሞትበትን አቅጣጫ መፈለግ ከረጅም ሽቦ ይሻላል። ይህ ሁሉ ካልሆነላችሁ በኢንተርኔት የሚከፈቱ ኪዊኤስዲአር ሬዲዮዎች አሉ፤ አንዱን በካናዳ ምሥራቅ፣ አንዱን በፖርቱጋል ወይም በአየርላንድ ከፍቶ ጎን ለጎን ማዳመጥ ከአንድ ጥሩ ሬዲዮ የበለጠ ያሰማል።

ዩኤችኤፉ ሌላ ዓለም ነው። መጀመሪያ፣ ኤኤም ነው። ብዙ ስካነሮች (ድግግሞሾችን በየተራ የሚፈትሹ ሬዲዮዎች) ከ225 ሜጋኸርዝ በላይ ሲሄዱ በራሳቸው ወደ ኤፍኤም ይቀየራሉ፤ ንግግሩ ተንሻፎ ወይም ጭራሽ ተውጦ ሲቀር ባለቤቱ አንቴናውን ይወቅሳል። ለሲቪል አየር መንገድ ብቻ የተሠሩ ሬዲዮዎች 137 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃሉና አይሆኑም። አርቲኤል ኤስዲአር (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ ተቀባይ) ያለ ችግር ይሸፍነዋል፣ ድክመቱ ግን ኃይለኛ ጣቢያ አጠገብ መደናቆሩ ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የሚያግድ ማጣሪያ አስገቡለት። አውሮፓ ውስጥ ዲጂታል ሬዲዮ እስከ 240 ሜጋኸርዝ ድረስ ስለሚወጣ የታችኛውን ጠርዝ ያውካል።

አንቴናው ቀላል ነው፤ ለ300 ሜጋኸርዝ ዳይፖል እያንዳንዱ ክንፍ 24 ሴንቲሜትር ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። ገንዘብ የሚወጣበት ገመዱ ነው። 15 ሜትር ቀጭን የአርጂ-58 ገመድ በዚህ ድግግሞሽ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ምልክት ይበላል፤ ወፍራሙ ኤልኤምአር-400 ግን በዚያው ርዝመት ወደ አንድ ዴሲቤል ብቻ ነው የሚወስደው። ማጉያ የሚገዛ ካለ አንቴናው ሥር ይትከለው፤ ሬዲዮው አጠገብ የተተከለ ማጉያ ገመዱ የበላውን አይመልስም። አንቴናው ባሕሩን ማየት አለበት፤ በመካከሉ አንድ ሕንፃ ካለ ከላይ ያሰላነው 360 ኪሎሜትር ወረቀት ላይ ይቀራል።

ፍለጋው በጭፍን አይሆንም። ከ225 እስከ 400 በ25 ኪሎኸርዝ እርምጃ 7,000 ቻናል ነው፤ በሰከንድ 50 የሚያይ ስካነር አንዴ ለመዞር 140 ሰከንድ ይፈጃል፣ የቅብብል ንግግር ግን ሦስት ሰከንድ ነው። በአሜሪካ ታንከሮች ለረጅም ጊዜ የሚሰሙትን 238.9፣ 276.5፣ 282.7፣ 295.8፣ 319.7 እና 343.5 ሜጋኸርዝ አስገብታችሁ እነዚህን ብቻ አዙሩ። ሌላውን በኤስዲአር ፏፏቴ ማሳያ (ምልክቶችን በምስል በሚያሳየው)፣ በትንንሽ ክልል እየከፈላችሁ፣ ዐይናችሁን ተክላችሁ ፈልጉ። በሰፊው የምትፈትሹ ከሆነ ከ328.6 እስከ 335.4 ያለውን ዝለሉ፣ የማረፊያ ተዳፋት መሪ ምልክት ነው። ከ243 እስከ 270 ባለው ክልል ደግሞ የማያቋርጡ የሳተላይት ምልክቶች ስካነሩን ይዘው ያስቀሩታልና አንድ በአንድ አግዷቸው። 243.0 ራሱ ግን የአደጋ ጊዜ ድግግሞሽ ስለሆነ አትዝለሉት። የስኴልቹን (ምልክት በሌለ ጊዜ ጫጫታውን የሚዘጋውን) መክፈቻ ጫጫታው ሊሰማ እስኪል ድረስ ዝቅ አድርጉት፤ ሩቅ ያለ ታንከር ከዚያ በላይ ጉልበት የለውም።

መገናኘታቸው ሲጀመር የምትሰሙት ቁጥር ነው። ከፍታ፣ አልቲሜትር (የከፍታ መለኪያው የሚስተካከልበት የአየር ግፊት)፣ ከዚያ ሁለት የታካን ቻናሎች፤ ታካን በአውሮፕላኖቹ መካከል ያለውን ርቀት የሚለካ መሣሪያ ነው። በአየር ለአየር አሠራር ሁለቱ ቻናሎች በ63 ይለያያሉ፤ አንዱ 29 ከሆነ ሌላው 92 ነው። ሁለት ቁጥር ሰምታችሁ ልዩነታቸው 63 ከሆነ ድግግሞሹ የቅብብል ሊሆን ይችላል፣ መዝግቡት። ተዋጊው ከመጠጋቱ በፊት «ኖዝ ኮልድ፣ ስዊችስ ሴፍ» ይላል፤ ራዳሩ እንደማያሰራጭ፣ መሣሪያውም እንደተቆለፈ ማረጋገጡ ነው። የቡሙ ሠራተኛ «ወደፊት 20፣ ወደ ላይ 4» እያለ በእግር ይጠራል። ቀጥሎ ከሁለቱም ወገን «ኮንታክት» ይመጣና ጸጥታ ይሆናል።

ያ ጸጥታ ብዙ ሰው ያታልላል፤ ጠፉ ብሎ ድግግሞሽ ይቀይራል። አትንኩት። ቡሙ ውስጥ የውስጥ ስልክ መስመር አለ፤ ይህን የሚቀበል ተዋጊ እንደተያያዘ በሽቦ ነው የሚነጋገረው፣ ወደ አየር የሚወጣ ነገር የለም። ቱቦና ቅርጫት የሚጠቀሙት የባሕር ኃይልና የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ይህ መስመር የላቸውም፣ እነሱ ደግሞ በቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መብራት ይግባባሉ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ «ዲስኮኔክት» ይባልና የተሰጠው መጠን ይነገራል። በሺህ ፓውንድ ነው፦ «አምስት ነጥብ ሁለት» ማለት 5,200 ፓውንድ፣ ወደ 2,360 ኪሎግራም። የታንከሩ የጥሪ ስም ከተጠራ በኋላ «ብሬካዌይ» ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ አደገኛ መቀራረብ ተፈጥሮ ወዲያው እየተለያዩ ነው፤ በልምምድም ይባላልና ወዲያው አደጋ ደረሰ ብላችሁ አትጻፉ።

ጭራሽ ያለ ሬዲዮ የሚገናኙባቸው ቀኖችም አሉ። የሬዲዮ ገደባቸው ሲጠብቅ ከመነሻ እስከ መለያየት አንድ ቃል አይወጣም። ሃቭ ኩዊክ የሚባለው ድግግሞሽ የሚያዘልል ዘዴ ሲበራ ደግሞ በየቻናሉ አጭር ጠቅታ ብቻ ታገኛላችሁ። ከዚያ በፊት የሰዓት ማስተካከያ «ሚኪ» ሲጠያየቁ ከሰማችሁ ሊዘሉ ተዘጋጅተዋል ማለት ነው። ምስጠራው ሌላ ነው፤ አጭር ጩኸት ቀድሞት እንደ ወንፊት የሚንሿሿ ድምፅ ይከተላል። ሁለቱንም ለመፍታት መድከም ከንቱ ነው፣ በብዙ አገር ወንጀልም ነው።

1090 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሰራጨው የመለያ ምልክት የዩኤችኤፍን ድካም በግማሽ ይቀንሳል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች መለያ ኮድ በኤኢ ይጀምራል። ታንከሩ ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ተዋጊዎቹ ግን በሰልፍ ሲበሩ መሪው ብቻ ስለሚያሰራጭ አይታዩም። ቁጥራቸውን ከካርታ አትቁጠሩ፤ በኤችኤፍ ሪፖርቱ የሚነገረውን የአውሮፕላን ብዛት ያዙ። ታንከሩም ለብቻው የሚጓዝ ይመስል ቀጥ ብሎ ከሄደ የከፍታ ክልሉን ኖታሙ ላይ ፈትሹ።

ሕጉን ከመጀመራችሁ በፊት አንብቡ። በአሜሪካ ያልተመሰጠረ የአቪዬሽን ግንኙነት ማዳመጥ ይፈቀዳል፤ በእንግሊዝ ግን ለእናንተ ያልታሰበ ስርጭት ማዳመጥ ራሱ በ2006ቱ የገመድ አልባ ሕግ ክልክል ነው። እኔ በተፈቀደበት ቦታም ቢሆን ቡድኑ ሳያርፍ ያለበትን ቦታ በአደባባይ መለጠፍ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ነገ መጻፍ ይቻላል።

ማስታወሻ ሲያዝ ሰዓት በዩቲሲ፣ ድግግሞሽ፣ ሞድ፣ የጥሪ ስም እንደተሰማው፣ ከዚያ ንግግሩ ይሁን። ግምታችሁን በሌላ ዓምድ ጻፉ። የጥሪ ስም በጫጫታ ውስጥ በቀላሉ ይሳሳታል፤ ቅጂውን ሁለተኛ ቀን፣ ጆሮ ሲያርፍ፣ ደግማችሁ ስሙት። ታንከሮች ብዙ ጊዜ እንደ ጎልድ ወይም ብሉ ባለ አንድ ስም በተከታታይ ቁጥር ይጠራሉ። 61፣ 62 እና 64 ከሰማችሁ 63 አንድም ሳይነሣ ቀርቷል፣ አንድም እናንተ አምልጧችኋል፤ ከመደምደማችሁ በፊት የመነሻውን ሰዓት ቅጂ ፈትሹ። ቡድኑ የብሱን ሲያገኝ የከፍታ ክልሉ ያበቃና ተዋጊዎቹ ከታንከሩ ተለይተው በራሳቸው የጥሪ ስም ከአካባቢው ራዳር ጋር ይነጋገራሉ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድም ቃል ያልወጣቸው አውሮፕላኖች ስንት እንደነበሩና ማን እንደነበሩ በግልጽ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በእነዚያ ደቂቃዎች ነው፤ ስካነሩን ከታንከሩ ድግግሞሽ አንሥታችሁ ወደ ራዳሩ ለመቀየር አትዘግዩ።